የተቀናጀ የቤተ መጻሕፍት ሶፍትዌርና የቤተ ክርስቲያን መዝገብ፦ ስለ ምዝገባ፣ ስለ ፍለጋና ስለ ሪፖርት

መግቢያ

በአዲስ አበባ ሰሜን ምሥራቅ፣ ከእንጦጦ ተራራ ሥር፣ በየካ ክፍለ ከተማ የሚገኘው ፈረንሳይ ለጋሲዮን ስሙን ያገኘው በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመን ለፈረንሳይ መንግሥት ከተሰጠው የሌጋሲዮን ግቢ ነው። ሌጋሲዮኑ ኤምባሲ ከሆነ ብዙ ዘመን አልፏል፤ ሰፈሩ ግን ዛሬም በቀድሞ ስሙ ይጠራል። አንዳንዱ «ፈረንሳይ ለጋሲዮን»፣ አንዳንዱ «ፈረንሳይ ሌጋሲዮን» ብሎ ይጽፈዋል። የታክሲ ረዳቱ «ፈረንሳይ! ፈረንሳይ!» ብሎ ይጣራል። በዚህ ሰፈር ስላሉት ወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት የመመረቂያ ጽሑፍ ለመሥራት የተነሣ የሴሚናሪ ተማሪ በቤተ መጻሕፍቱ ኮምፒውተር ላይ «ፈረንሳይ» ብሎ ቢፈልግ ምን ያገኛል? ስለ ካልቪን የትውልድ አገርና ስለ ሁጉኖቶች ስደት የሚናገሩ መጻሕፍት ይመጡለት ይሆናል። ከእርሱ አምስት ዓመት ቀድሞ በዚያው ሴሚናሪ የተማረ ሌላ ሰው ስለዚሁ ሰፈር የጻፈው ጥናት ግን በሌላ አጻጻፍ ከተመዘገበ፣ ወይም ከነጭራሹ ካልተመዘገበ አይመጣም። ጥናቱ እዚያው ሕንፃ ውስጥ መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል፤ ለፈላጊው ግን የለም።

ይህ ጽሑፍ የተቀናጀ የቤተ መጻሕፍት ሶፍትዌር ምን እንደሆነና በሴሚናሪዎችና በአጥቢያ ቤተ ክርስቲያን ቤተ መጻሕፍት ለምዝገባ፣ ለፍለጋና ለሪፖርት እንዴት እንደሚያገለግል ያብራራል። ዋና ሐሳቡ አንድ ነው፦ ሶፍትዌሩ የሚያውቀው መዝጋቢው የነገረውን ብቻ ነው። ከውጭ አገር የተጻፉ መጻሕፍት በአብዛኛው መዝገባቸው አስቀድሞ በሌሎች ተሠርቶላቸዋል፤ የእኛ ቤተ ክርስቲያን የጻፈችውን፣ ያስተማረችውንና ያለፈችበትን ግን እኛ ካልመዘገብነው ማንም አይመዘግብልንም። ስለዚህ ጉዳዩ የቴክኒክ ሠራተኛ ብቻ ሳይሆን የመጋቢዎችና የነገረ መለኮት መምህራን ጭምር ነው።

መዝገብ የሕዝብ አገልግሎት መሆኑ

በመጽሐፈ ዕዝራ ምዕራፍ 5 እና 6 የሚገኘው ታሪክ ለቤተ መጻሕፍት ሰው ትልቅ ትምህርት አለው። ከምርኮ የተመለሱት አይሁድ መቅደሱን ሲሠሩ በወንዙ ማዶ ያለው ገዥ መጥቶ ማን እንደፈቀደላቸው ጠየቃቸው። ሽማግሌዎቹ ቂሮስ እንደፈቀደላቸው መለሱ፤ በእጃቸው ግን ማስረጃ አልነበረም። ጉዳዩ ወደ ዳርዮስ ተላከ። ፍለጋው በባቢሎን ተጀመረ፤ የጽሑፉ ጥቅልል የተገኘው ግን በሌላ አገር፣ በሜዶን ባለችው በአሕምታ ነበር። ጥቅልሉ በመገኘቱ ሥራው እንዲቀጥል፣ ወጪውም ከመንግሥት ግምጃ ቤት እንዲከፈል ታዘዘ። አንድ ሰነድ ተጠብቆ በመቆየቱና ሲፈለግ በመገኘቱ የእግዚአብሔር ሕዝብ ሥራ ቀጠለ። በአንጻሩ በ2ኛ ነገሥት 22 የሕጉ መጽሐፍ በራሱ በመቅደሱ ውስጥ ነበር፤ ነገር ግን መኖሩን ያወቀ ሰው አልነበረም። የተገኘውም ቤቱ በሚጠገንበት ጊዜ ነው። አንድ ትውልድ በሙሉ የራሱን መጽሐፍ በራሱ ቤት ውስጥ አጥቶ ሊኖር እንደሚችል ይህ ታሪክ ያሳያል።

በአገራችን የምዝገባን ጥቅም በግልጽ ያሳየ ሥራ እ.ኤ.አ. በ1973 የተጀመረው የኢትዮጵያ ብራና መጻሕፍት ማይክሮፊልም ፕሮጀክት ነው። በገዳማትና በአብያተ ክርስቲያናት የነበሩ በሺዎች የሚቆጠሩ የብራና መጻሕፍት በፊልም ተነሥተው ቅጂያቸው በአሜሪካ ሚኒሶታ በሚገኘው የቅዱስ ዮሐንስ ገዳም ቤተ መጻሕፍት ተቀመጠ። ይሁን እንጂ ፊልሙን ለዓለም ተመራማሪዎች የከፈተው ፊልሙ ራሱ ሳይሆን ዊልያም ማኮምበርና ጌታቸው ኃይሌ ያዘጋጁት ካታሎግ ነው። ለእያንዳንዱ ብራና ቁጥር ተሰጠው፤ በውስጡ ያሉት ድርሰቶች፣ የጸሐፊው ስምና በኅዳግ የተጻፉ ማስታወሻዎች ሳይቀሩ ተዘረዘሩ። ዛሬ አንድ ተመራማሪ ቁጥሩን ብቻ ጠቅሶ የሐይቅ እስጢፋኖሱን የአባ ኢየሱስ ሞዓን ወንጌል መለየት ይችላል። ወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት የራሳቸውን የስብከት ጽሑፎች፣ ቃለ ጉባኤዎች፣ የመዝሙር ካሴቶችና የመመረቂያ ጥናቶች በዚህ ዓይነት ትጋት ገና አልዘረዘሩም።

ሶፍትዌሩ ምንድን ነው?

የቀድሞው ቤተ መጻሕፍት ሥራውን የሚሠራው በተለያዩ መዛግብት ነበር። የገቢ መጻሕፍት መዝገብ ለብቻው፣ የካርድ ሣጥኑ ለብቻው፣ የተዋሾች ደብተር ለብቻው ይያዝ ነበር። «የተቀናጀ» የሚባለው ሶፍትዌር እነዚህን ሁሉ በአንድ የመረጃ ቋት ላይ ያገናኛል። አንድ መጽሐፍ ሲገዛ የተጻፈው መረጃ ለካታሎጉ ያገለግላል፤ መጽሐፉ በውሰት ሲወጣ ካታሎጉ «ወጥቷል» ብሎ ያሳያል፤ በዓመቱ መጨረሻም ያው መረጃ ለሪፖርት ይውላል።

በዓለም ላይ በስፋት ከሚሠራባቸው ሶፍትዌሮች አንዱ ኮሃ ነው። ኮሃ በኒውዚላንድ ለሆሮዌኑዋ አውራጃ ቤተ መጻሕፍት እ.ኤ.አ. በ1999 ተሠርቶ በጥር 2000 ሥራ ጀመረ። ምክንያቱም ቤተ መጻሕፍቱ ይገለገልበት የነበረው አሮጌ ፕሮግራም ወደ 2000 ዓመት መሻገር ስለማይችል ነበር። ስሙ በማኦሪ ቋንቋ «ስጦታ» ማለት ነው፤ በእርግጥም ያለ ፈቃድ ክፍያ ለሁሉም የተለቀቀ ነው። በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎችም አገልግሎት ላይ ውሏል። ኢንተርኔት ባይኖር እንኳ በአንድ ግቢ ውስጥ በተዘረጋ ኔትወርክ መሥራት ይችላል። ነገር ግን «ነጻ ነው» ማለት ወጪ የለውም ማለት አይደለም። ሰርቨር፣ መብራት ሲጠፋ የሚያቆይ ባትሪ፣ በየዕለቱ የሚወሰድ ተጠባባቂ ቅጂ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የሠለጠነና በቦታው የሚቆይ ሰው ይፈልጋል። ተጠባባቂ ቅጂው ከሰርቨሩ ጋር በአንድ ክፍል ከተቀመጠ ሌባም ሆነ እሳት ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ይወስዳቸዋል፤ ስለዚህ ቅጂው በሌላ ቦታ መቀመጥ አለበት።

ከሶፍትዌሩ በስተጀርባ ማርክ 21 የሚባል የጋራ የአመዘጋገብ ሥርዓት አለ። ማርክ መጽሐፉን በቁጥር በተሰየሙ መስኮች ይከፍለዋል፦ 100 ለደራሲ፣ 245 ለርእስ፣ 264 ለኅትመት፣ 502 ለመመረቂያ ጽሑፍ ማስታወሻ፣ 650 ለርእሰ ጉዳይ፣ 700 ለተባባሪ አዘጋጅ ወይም ተርጓሚ። በብዙ አገሮች ያሉ ቤተ መጻሕፍት አንድ ዓይነት ቁጥር ስለሚጠቀሙ በሌላ አገር ቤተ መጻሕፍት የተሠራን መዝገብ ዚ39.50 በሚባል መንገድ በደቂቃ ውስጥ ወደ ራስ ካታሎግ ማምጣት ይቻላል። በተጨማሪም ሶፍትዌሩ የመጽሐፉን መዝገብና የቅጂውን መዝገብ ይለያል። አንድ የሮሜ መልእክት ማብራሪያ ሦስት ቅጂ ቢኖረው መዝገቡ አንድ ሲሆን ባርኮዱ ግን ሦስት ነው።

ምዝገባ፦ በእኛ አገር የሚወሰኑ ነገሮች

የእንግሊዝኛ መጻሕፍት መዝገብ ተዘጋጅቶ ስለሚመጣ ብዙም አያስቸግርም። የአማርኛ፣ የአፋን ኦሮሞ፣ የወላይትኛና የሌሎች ቋንቋዎቻችን መጻሕፍት ሲመጡ ግን መዝጋቢው የሚወስናቸው ጉዳዮች አሉ።

የመጀመሪያው የሰው ስም ነው። በምዕራባውያን ልማድ የቤተሰብ ስም ይቀድማል። በእኛ ግን ሁለተኛው ስም የአባት ስም እንጂ የቤተሰብ መጠሪያ አይደለም። ዓለም አቀፉም ደንብ ይህን ይቀበላል፤ የአሜሪካ ምክር ቤት ቤተ መጻሕፍት ጌታቸው ኃይሌን የሚመዘግበው «ጌታቸው» በሚለው ነው። በማርክም የ100 መስክ የመጀመሪያ ጠቋሚ 0 ሲሆን «ይህ ሰው የሚጠራው በራሱ ስም ነው» ማለት ነው። አንዱ መዝጋቢ በራሱ ስም፣ ሌላው በአባቱ ስም ካስገባው የአንድ ሰው መጻሕፍት በሁለት ሰው ስም ይበተናሉ። «ዶክተር»፣ «መጋቢ»፣ «ቄስ» የሚሉት መጠሪያዎችም ከስሙ ፊት ሊቀድሙ አይገባም፤ ከቀደሙ የአገልጋዮች መጻሕፍት ሁሉ «መ» ወይም «ቄ» ሥር ይሰበሰባሉ።

ለዚህ መፍትሔ የሚሆነው መደበኛ የስም መዝገብ ነው። በዚህ መዝገብ ለአንድ ሰው አንድ መደበኛ ስም ይመረጥና ሌሎቹ መጠሪያዎች ወደ እርሱ ይመራሉ። ለምሳሌ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ አፋን ኦሮሞ የተረጐመው ሰው በተለያዩ ጽሑፎች አናሲሞስ፣ ኦኔሲሞስ፣ ኦነሲሞስ ነሲብ ተብሎ ይጻፋል፤ በሕዝቡ ዘንድ አባ ገማቺስ ይባላል፤ የልጅነት ስሙ ሂካ ነው። መደበኛ መዝገብ ካለ በየትኛውም ስም የፈለገ ሰው ወደ አንድ ቦታ ይደርሳል። የቦታ ስምም እንዲሁ ነው። «ፈረንሳይ ለጋሲዮን (አዲስ አበባ)» ተብሎ አንድ ጊዜ ከተወሰነ፣ «ሌጋሲዮን» ብሎ የፈለገም ሆነ «ፈረንሳይ» ብሎ የጀመረ ሰው አገሩንና ሰፈሩን ለይቶ ማየት ይችላል።

ሁለተኛው የተባባሪዎች ስም ነው። እ.ኤ.አ. በ1899 የታተመው የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ አብዛኛውን ጊዜ የሚመዘገበው በኦኔሲሞስ ስም ብቻ ነው። ነገር ግን በትርጉም ሥራው አስቴር ጋኖ ትልቅ ድርሻ ነበራት፤ እ.ኤ.አ. በ1894 የታተመውንም የኦሮምኛ ማንበቢያ ከእርሱ ጋር አዘጋጅታለች። መዝጋቢው በ700 መስክ ስሟን ካልጨመረ ስለ ሴቶች አገልግሎት የሚያጠና ተማሪ በካታሎጉ ውስጥ አያገኛትም። እዚህ ላይ ምዝገባ የእውነተኛ ምስክርነት ጉዳይ መሆኑ በግልጽ ይታያል። አንድ መስመር መጨመር ሁለት ደቂቃ ይፈጃል፤ አለመጨመሩ ግን የአንዲት አገልጋይን ድካም ይሰውራል።

ይህ በድርጅት ስም ለወጡ ሰነዶችም ይሠራል። የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ እ.ኤ.አ. በ1972 ስለ ወንጌል ስብከትና ስለ ሰው ልማት ግንኙነት ለሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን የላከችው ደብዳቤ የቤተ ክርስቲያኒቱ ሰነድ ነው። ብዙ አንባቢ የሚፈልገው ግን በወቅቱ ዋና ጸሐፊ በነበሩት በቄስ ጉዲና ቱምሳ ስም ነው። ስለዚህ ሰነዱ በቤተ ክርስቲያኒቱ ስም ተመዝግቦ ለእርሳቸውም ተጨማሪ መግቢያ ሊሠራለት ይገባል።

ሦስተኛው ፊደሉ ነው። በውጭ አገር የተሠሩ የአማርኛ መጻሕፍት መዛግብት ብዙ ጊዜ በላቲን ፊደል ተገልብጠው ነው የሚገኙት። እንዲህ ያለውን መዝገብ እንዳለ ብናመጣው በግእዝ ፊደል የሚፈልግ ተማሪ ምንም አያገኝም። ስለዚህ ርእሱንና የደራሲውን ስም በራሳችን ፊደል መጻፍ ግድ ይላል። የግእዝ ፊደል በዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት በቪዥዋል ግዕዝና በመሰል ፕሮግራሞች የተጻፉ የመጻሕፍት ዝርዝሮች ወደ አዲሱ ሶፍትዌር በቀጥታ ሲገለበጡ ትርጉም የሌላቸው ምልክቶች ሆነው ይታያሉ። አስቀድመው ወደ ዩኒኮድ መለወጥ አለባቸው።

አራተኛው ዓመተ ምሕረት ነው። በርእሱ ገጽ ላይ «1954» ተብሎ የታተመ መጽሐፍ ያለ ማብራሪያ ከተመዘገበ ሶፍትዌሩ እንደ ጎርጎርዮሳዊ ዓመት ይቆጥረውና በሰባት ወይም በስምንት ዓመት ወደ ኋላ ይጥለዋል። በኅትመት መስኩ መጽሐፉ ላይ ያለው እንዳለ ተጽፎ «1954 ዓ.ም. [1961 ወይም 1962]» ቢባል፣ ኮምፒውተሩ በዓመት ለመደርደር በሚጠቀምበት 008 መስክ ደግሞ ጎርጎርዮሳዊው ቢገባ ሁለቱም ይጠበቃሉ። በተለይ የመጽሐፍ ቅዱስ ትርጉሞችን ለመለየት ይህ እጅግ አስፈላጊ ነው። በአባ አብርሃም (አቡ ሩሚ) ትርጉም ላይ ተመሥርቶ እ.ኤ.አ. በ1840 የታተመው፣ የ1954ቱ፣ የ1980ውና የ1993ቱ አዲሱ መደበኛ ትርጉም ሁሉም «መጽሐፍ ቅዱስ» በሚል አንድ ርእስ ይጠራሉ። ቋንቋውና ዓመቱ በወጥ ርእስ መስክ ካልተለዩ የትርጉም ታሪክ የሚያጠና ሰው አንዱን ከሌላው መለየት አይችልም።

አምስተኛው ርእሰ ጉዳይና የመደርደሪያ ቁጥር ነው። በዲዊ አከፋፈል 220 መጽሐፍ ቅዱስ፣ 230 የክርስትና ትምህርት፣ 250 የአጥቢያና የመጋቢነት አገልግሎት፣ 270 የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ነው፤ የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ታሪክ 276.3 ላይ ይውላል። መጽሐፍ መደርደሪያ ላይ የሚቀመጠው በአንድ ቦታ ብቻ ነው፤ የርእሰ ጉዳይ ቃላት ግን ብዙ ሊሆኑ ይችላሉ። እንበልና አንድ ተማሪ አማኞች በሰፈር ዕድር ውስጥ ስላላቸው ተሳትፎ ጥናት ጽፏል። ጥናቱ የተመዘገበው በእንግሊዝኛ «ቤተ ክርስቲያንና ማኅበረሰብ» በሚል ሰፊ ቃል ብቻ ከሆነ፣ ነገ ቀብር የሚያስተናግድና ከዕድር ዳኛው ጋር መነጋገር ያለበት መጋቢ አያገኘውም። መጋቢው የሚጽፈው «ዕድር»፣ «ለቅሶ»፣ «ቀብር» ብሎ ነውና። ስለዚህ እያንዳንዱ ቤተ መጻሕፍት ሕዝቡ በሚናገርበት ቋንቋ አጭር የርእሰ ጉዳይ ዝርዝር አዘጋጅቶ ሁልጊዜ ያንኑ መጠቀም ይኖርበታል።

ፍለጋ፦ አንድ ድምፅ፣ ብዙ ፊደል

ሶፍትዌሩ ፍለጋ ሲታዘዝ መጻሕፍቱን አንድ በአንድ አያነብም። አስቀድሞ ካዘጋጀው የቃላት ማውጫ ውስጥ የተጻፈለትን ቃል ይፈልጋል። ኮምፒውተር የሚያወዳድረው ደግሞ ፊደልን እንጂ ድምፅን አይደለም። ሀ፣ ሐ እና ኀ፤ ሰ እና ሠ፤ አ እና ዐ፤ ጸ እና ፀ ለአማርኛ ተናጋሪ አንድ ድምፅ ናቸው፤ ለኮምፒውተር ግን እንደ «በ» እና «ገ» የተለያዩ ናቸው። ችግሩ ምን ያህል እንደሆነ ለማየት «ኃይለ ሥላሴ» የሚለውን ስም እንውሰድ። የመጀመሪያው ፊደል ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ ወይም ኃ ሊሆን ይችላል፤ «ሥ» በሁለት መንገድ፣ «ሴ» በሁለት መንገድ ይጻፋል። ስድስት በሁለት፣ እንደገና በሁለት ሲባዛ 24 አጻጻፍ ይሆናል። ስሙ ተያይዞና ተለያይቶ የሚጻፍበት ሲጨመር 48 ይደርሳል። መዝጋቢው አንዱን ጽፎ ፈላጊው ሌላውን ቢጽፍ መልሱ ባዶ ነው። «ጸሎት» እና «ፀሎት»፣ «ሥነ መለኮት» እና «ስነ መለኮት» ላይም የሚሆነው ይኸው ነው።

መፍትሔው ሁለት ደረጃ አለው። አንደኛው በሶፍትዌሩ በኩል ነው። ኮሃ ማውጫውን የሚያዘጋጅባቸው ዜብራና ኢላስቲክሰርች የሚባሉት ፕሮግራሞች ሞክሼ ፊደላትን እንደ አንድ እንዲቆጥሩ ሊታዘዙ ይችላሉ። ባለሙያው «ሠ ሲመጣ እንደ ሰ ቁጠር፣ ፀ ሲመጣ እንደ ጸ ቁጠር» የሚል ሰንጠረዥ ያዘጋጃል፤ ሰንጠረዡ በማውጫውም በፈላጊው ቃልም ላይ ይሠራል። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ለውጡ በማውጫው ውስጥ ብቻ መሆን አለበት እንጂ መዝገቡ ራሱ መነካት የለበትም። በግእዝ «ሰአለ» ለመነ ሲሆን «ሠዐለ» ሥዕል ሣለ ነውና፣ የመጽሐፉ ርእስ እንደታተመው መታየቱን መቀጠል አለበት። ሶፍትዌር የሚተክል ባለሙያ ብዙ ጊዜ ይህን በራሱ አያደርገውም፤ ቤተ መጻሕፍቱ ሊጠይቀው ይገባል። ውል ከመፈረሙ በፊት «ፀሎት» ብሎ ጽፎ «ጸሎት» የሚል ርእስ ያለው መጽሐፍ መምጣቱን በዓይን ማየት ቀላል ፈተና ነው።

ሁለተኛው በፈላጊው በኩል ነው። ለተማሪዎች የሚሰጠው የቤተ መጻሕፍት ትምህርት ሦስት ልማዶችን ቢያስጨብጥ ይጠቅማል። አንደኛ፣ ባዶ መልስ ሲመጣ «መጽሐፉ የለም» ብሎ ከመደምደም በፊት በሌላ ፊደልና በሌላ ቃል መሞከር ነው። ሁለተኛ፣ አንድ ተስማሚ መጽሐፍ ሲገኝ በመዝገቡ ላይ ያሉትን የርእሰ ጉዳይ ቃላት ተጭኖ በዚያው ርእስ ሥር ያሉትን ሌሎች መመልከት ነው። አንድ ጥሩ ግኝት ብዙ ሌሎችን ይዞ ይመጣል። ሦስተኛ፣ የቃሉን መጀመሪያ ብቻ ጽፎ ኮከብ ምልክት መጨመር ነው፤ «ክርስቲያን*» ቢባል «ክርስቲያኖች»ንም «ክርስቲያናዊ»ንም ላያመጣ እንደሚችል ግን ማወቅ ያስፈልጋል። በአማርኛ የመጨረሻው ፊደል ከድምፁ ጋር ስለሚለወጥ «ክርስቲያ*» ብሎ አንድ ፊደል ቀድሞ ማቆም የተሻለ ነው።

ሪፖርት፦ ቁጥሩ የሚናገረውና የማይናገረው

ኮሃ ተዘጋጅተው የቀረቡ ሪፖርቶች አሉት፤ የመረጃ ቋቱን ቋንቋ የሚያውቅ ሰው ደግሞ የፈለገውን ጥያቄ ጽፎ መልስ ማግኘት ይችላል። ባለፉት አምስት ዓመታት አንድም ጊዜ ያልወጡ መጻሕፍት የትኞቹ ናቸው? ለየትኞቹ መጻሕፍት ተራ ይጠበቃል? በ250ዎቹ ውስጥ ስንቶቹ በአገር ውስጥ ቋንቋ የተጻፉ ናቸው? ከመደርደሪያው የጠፉት የትኞቹ ናቸው? እነዚህ መልሶች ለበጀት፣ ለግዢና ለትምህርት ጥራት ምዘና ጠቃሚ ናቸው።

ይሁን እንጂ ሪፖርት ሲነበብ ማስተዋል ያስፈልጋል። ከቤተ መጻሕፍቱ የማይወጡ መዝገበ ቃላትና ማጣቀሻዎች በውሰት ሪፖርት ላይ ዜሮ ሆነው ይታያሉ። አንባቢዎች ጠረጴዛ ላይ ትተዋቸው የሄዱትን መጻሕፍት ሠራተኛው ከመመለሱ በፊት ባርኮዳቸውን በውስጥ ንባብነት ካስመዘገበ ይህ ክፍተት ይሞላል። ከዚህ የሚበልጠው አደጋ ግን ሌላ ነው። የአማርኛ መጻሕፍት ውሰት ዝቅተኛ መሆኑን ሪፖርቱ ቢያሳይ ኮሚቴው «ተፈላጊ አይደሉም» ብሎ ግዢውን ወደ እንግሊዝኛ ሊያዞር ይችላል። ምናልባት ግን መጻሕፍቱ ያልተወሰዱት በላቲን ፊደል ስለተመዘገቡና ማንም ስላላገኛቸው ይሆናል። እንዲህ ከሆነ የምዝገባው ድክመት በሪፖርቱ በኩል ውሳኔ ሆኖ ይመለሳል፤ በሚቀጥለው ዓመት የአማርኛ መጻሕፍት ቁጥር ይቀንሳል፤ የዚያ ዓመት ሪፖርትም የበለጠ ያሳንሳቸዋል። ስለዚህ ቁጥሩን ያየ ሁሉ አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት «መጽሐፉ በእርግጥ ሊገኝ የሚችል ነበረን?» የሚለውን ነው።

ሌላው የምስጢር ጉዳይ ነው። ሶፍትዌሩ ማን ምን እንደወሰደ ያውቃል። አንድ መጋቢ ስለ ትዳር መፍረስ፣ አንዲት ተማሪ ስለ ድብርት፣ ሌላው ስለ እምነት ጥርጣሬ የሚናገር መጽሐፍ ሊወስድ ይችላል። ይህ ዝርዝር በዲን ጽሕፈት ቤት ወይም በሽማግሌዎች ስብሰባ ላይ መነጋገሪያ ከሆነ ማንም ለነፍሱ የሚያስፈልገውን መጽሐፍ አይወስድም። ኮሃ የተመለሰ መጽሐፍ ከተዋሹ ስም ጋር ያለው ግንኙነት እንዲሰረዝ ለማድረግ የሚያስችል አሠራር አለው፤ ስታቲስቲኩ ይቀራል፣ ስሙ ይጠፋል። የንስሓ ምክርን በምስጢር የሚጠብቅ አገልጋይ የንባብ መዝገብንም በዚያው ክብር ሊጠብቅ ይገባል። በጽሑፍ የተደነገገ መመሪያ መኖሩም ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛውን ከጫና ያድነዋል።

ከየት ይጀመር?

ሦስት መቶ መጻሕፍት ያሉት የአጥቢያ ቤተ መጻሕፍት ኮሃ አያስፈልገው ይሆናል። በኮምፒውተር የተሠራ የሠንጠረዥ ፋይል ይበቃዋል። ነገር ግን ዓምዶቹ ከማርክ መስኮች ጋር የሚመሳሰሉ፣ ደራሲው በራሱ ስም የገባ፣ ዓመቱ «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» መሆኑ የተለየ፣ ጽሑፉ በዩኒኮድ የተጻፈ ከሆነ ነገ ወደ ትልቅ ሶፍትዌር ሲዛወር እንደገና መጀመር አያስፈልግም።

ለሴሚናሪዎች ደግሞ ሥራውን ከሌላ ቦታ ሳይሆን ከመመረቂያ ጽሑፎች መደርደሪያ መጀመር ይመከራል። የውጭ መጽሐፍ መዝገብ ነገም ከሌላ ቤተ መጻሕፍት ሊመጣ ይችላል፤ የመመረቂያ ጽሑፎቹ ግን ብዙዎቹ በዓለም ላይ ያላቸው ቅጂ አንድ ወይም ሁለት ብቻ ነው። ለእያንዳንዱ ጽሑፍ ደራሲው፣ ርእሱ በተጻፈበት ቋንቋና ፊደል፣ ዲግሪውና ዓመቱ፣ አማካሪው፣ የተጠናው አጥቢያ ወይም ሰፈር፣ እንዲሁም ሦስት ወይም አራት የአማርኛ ርእሰ ጉዳይ ቃላት ይመዝገቡ። ከዚያ በኋላ ቃለ ጉባኤዎች፣ በስቴንስል የተባዙ የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናቶች፣ በስደቱ ዘመን ከቤት ወደ ቤት የተላለፉ ካሴቶች ይከተላሉ። የደርግን ዘመን በእስርና በስውር ኅብረት ያለፉ ምእመናን በዕድሜ ገፍተዋል፤ ካሴቱ ላይ የሚሰማው ድምፅ የማን እንደሆነ የሚያውቁት እነርሱ ናቸው። ይህ መረጃ እነርሱ በሕይወት እያሉ ካልተጠየቀ በኋላ ምንም ሶፍትዌር ሊያመጣው አይችልም።

በመጨረሻም ሶፍትዌሩ ብዙ ቅርንጫፎችን በአንድ ካታሎግ ማስተናገድ እንደሚችል ማስታወስ ያስፈልጋል። ከመካኒሳ እስከ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ያሉ የነገረ መለኮት ትምህርት ቤቶችና አጥቢያዎች መጻሕፍታቸውን ሳያዋሕዱ መዝገባቸውን ማዋሐድ ይችላሉ። ለዚህ የሚያስፈልገው ትልቅ በጀት ሳይሆን በስም አጻጻፍ፣ በዓመተ ምሕረትና በርእሰ ጉዳይ ቃላት ላይ የሚደረግ ስምምነት ነው። በ1936 ዓ.ም. የተቋቋመው ወመዘክር የአገር መዝገብ የመጠበቅ ኃላፊነት አለበት፤ የቤተ ክርስቲያንን መዝገብ መጠበቅ ግን የራሷ የቤተ ክርስቲያን ድርሻ ነው። በዳርዮስ ዘመን ፈላጊዎቹ በባቢሎን ያላገኙትን በአሕምታ ሊያገኙት የቻሉት በሁለቱም ከተሞች መዝገብ የሚጠብቁ ሰዎች ስለነበሩ ነው። የእነዚያ ሰዎች ስም አልተጻፈም፤ ሥራቸው ግን መቅደሱ እንዲፈጸም ረድቷል።